እሁድ አልወዳደርም ላለው ሰው የእሁድ ውድድር?

ለሜጀር ቴይለር መታሰቢያ የብስክሌት ውድድርና ጉዞ አዘጋጆች፣
በስሙ ለተሰየማችሁ የብስክሌት ክለቦች በሙሉ፣

ግልባጭ፦ በማሳቹሴትስና በአካባቢው ለምንኖር ሐበሾች

ጉዳዩ፦ ዓመታዊውን መታሰቢያ ከእሁድ ወደ ቅዳሜ ስለማዛወር

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ አጭር ነው። በዎርስተር ከተማ ጆርጅ ስትሪት ላይ በየዓመቱ ለጥቁሩ የብስክሌት ሻምፒዮን ለሜጀር ቴይለር መታሰቢያ የምታደርጉትን የዳገት ውድድር ወደ ቅዳሜ አዙሩልን። በሌሎች ከተሞች በስሙ ተሰባስባችሁ የምትነዱ ክለቦችም ቢያንስ በዓመት አንዴ፣ እሱን በምታስቡበት ቀን፣ እሁድን ተዉት። ምክንያቱን ዘርዝሬ እጽፋለሁ።

ደብዳቤውን በእንግሊዝኛም እልክላችኋለሁ። በአማርኛ ያስቀደምኩት የራሴ ሰዎች እንዲያነቡትና እንዲፈርሙበት ብዬ ነው። አንድ ሰው ሲጠይቅና አንድ ማኅበረሰብ ሲጠይቅ እኩል አይሰማም።

እናንተ አዘጋጆቹ ታሪኩን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ለጥቂት አንቀጽ ታገሱኝና ለወገኖቼ ላውራ።

ማርሻል ቴይለር በ1878 (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ተወለደ። ልጅ ሳለ አንድ የብስክሌት ሱቅ ቀጠረው። ሥራው ከሱቁ ፊት ለፊት የወታደር ልብስ ለብሶ በብስክሌት ትርኢት እያሳየ ገበያተኛ መሳብ ነበር። «ሜጀር» የሚለው ስም የወጣለት በዚያ ልብስ ምክንያት ነው። በኋላ ያሰለጠነው ሉዊስ መንገር የሚባል የቀድሞ ተወዳዳሪ በ1895 ይዞት ወደ ዎርስተር መጣ። ኢንዲያናፖሊስ እያለ ጥቁር ነህ ተብሎ ዋይኤምሲኤ (እኛ ወወክማ የምንለው) የስፖርት አዳራሽ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። ዎርስተር ግን አስገባችው። ከተማዋን እስከ መጨረሻው የወደዳት በከንቱ አይደለም።

በዚያ ዘመን የብስክሌት ውድድር አሜሪካ ውስጥ አዳራሽና ስታዲየም የሚሞላ ስፖርት ነበር። ቴይለር በ1899 ሞንትሪያል ላይ በአንድ ማይል የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከቦክሰኛው ጆርጅ ዲክሰን ቀጥሎ በየትኛውም የስፖርት ዓይነት የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሁለተኛው ጥቁር ሰው ነው። ጊዜው ጥቁር ሰው ያለ ፍርድ የሚሰቀልበት፣ ምግብ ቤት የማይስተናገድበት ጊዜ ነበር። ሜዳ ላይ ነጮቹ ተወዳዳሪዎች ተባብረው መንገድ ይዘጉበታል፣ በክርን ይደቁሱታል። በ1897 ቶንተን በምትባል የማሳቹሴትስ ከተማ ዊልያም ቤከር የሚባል ተፎካካሪው ከውድድሩ በኋላ አንቆት ራሱን እስኪስት ድረስ አልለቀቀውም። ፖሊስ ነው ያላቀቀው። ቶንተን ዛሬ ከኛ ሰፈር በመኪና ቅርብ ናት። ብዙዎቻችን ስናልፍባት ይህ እንደተደረገባት አናውቅም።

ጆርጅ ስትሪት ደግሞ መሃል ዎርስተር ያለች አጭር መንገድ ናት። ርዝመቷ 500 ጫማ አካባቢ ነው። በእኛ ልኬት 150 ሜትር ገደማ ማለት ነው። አጭር ናት ብሎ የናቃት ሰው ግን እዚያው ቆሞ ይቀራል። ዳገቷ 18 በመቶ ነው። በየ100 ሜትሩ 18 ሜትር ሽቅብ ትወስዳለች። ቴይለር ጉልበቱን የሚያጠነክረው እዚያች ዳገት ላይ ነበር። መታሰቢያው የተጀመረው በ2002 ነው። ከታች ቆማችሁ አንድ በአንድ ትነሳላችሁ፤ ሰዓት ይያዛል፤ ከላይ ሰው ያጨበጭባል። ጎበዙ ደቂቃ ሳይሞላው ይጨርሳታል። ያልቻለው ብስክሌቱን እየገፋ ይወጣል፤ ለእሱም ይጨበጨባል። ሐውልት አይቶ ከመመለስ ይልቅ ሰውየው ላቡን ባፈሰሰበት ዳገት ላይ ራስህ ማላብ፣ ከዚህ የተሻለ መታሰቢያ እኔ አላውቅም። ሐሳቡን ያመጣው ሰው ይመስገን።

ችግሩ ቀኑ ነው። እሁድ ጠዋት ነው።

ሜጀር ቴይለር እሁድ አይወዳደርም ነበር። እናቱ ስትሞት እምነቱ ጠነከረ፣ በ1898 ተጠመቀ፣ ባፕቲስት ሆነ። ሰንበትን ማክበር ለእሱ የወሬ ጉዳይ አልነበረም፤ ኪሱን ነክቶታል። በዚያው በ1898 የአሜሪካ ሻምፒዮና ነጥብ በየከተማው እየተሰበሰበ ሳለ ሴንት ሉዊስ ላይ ዝናብ ዘነበና የመጨረሻው ውድድር ወደ እሁድ ተገፋ። አልወዳደርም አለ። ልብ በሉ፣ በዚያች ከተማ የሚያሳድረው ሆቴልና የሚያበላው ምግብ ቤት ፍለጋ ሲንከራተት ከርሞ ነው ይህን ያለው። አንድ እሁድ ቢወዳደር ማን ይታዘበው ነበር?

ከዚያ ደግሞ ፈረንሳዮቹ መጡ። ዝናው አውሮፓ ደርሶ ነበርና አዘጋጆቹ 10 ሺህ ዶላር አቀረቡለት። በዚያ ጊዜ 10 ሺህ ዶላር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ለፍቶ አንድ ሁለት ዶላር ይዞ የሚገባበት ዘመን ነው። ነገር ግን አውሮፓ ውስጥ ትልቁ የውድድር ቀን እሁድ ነበርና ውሉ እሁድን ይጨምራል። አይሆንም አለ። ፈረንሳዮቹ ተመለሱ። በኋላ ራሳቸው ተሸንፈው በ1901 እሁድ የሌለበት ውል አስፈረሙት።

አሁን የሚጣፍጠው ክፍል ይመጣል። ፓሪስ በጉጉት የምትጠብቀው ከፈረንሳዩ የዓለም ሻምፒዮን ከኤድሞን ዣክሊን ጋር የሚያደርገውን ግጥሚያ ነው። እሁድ ከሌለ ሕዝቡ ከሥራ የሚያርፍበት ሌላ ቀን መፈለግ አለበት። ምን አደረጉ? በዓል ፈለጉ። የመጀመሪያው ግጥሚያ ሜይ 16 ቀን 1901፣ በእነሱ አቆጣጠር የዕርገት ዕለት፣ ሐሙስ ሆነ። ዣክሊን አሸነፈና በድል ስሜት ጣቱን አፍንጫው ላይ ቀስሮ ተሳለቀበት። የመልሱ ግጥሚያ ሜይ 27፣ የጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ፣ ተያዘ። ያን ቀን ቴይለር ድባቅ መታው። እንግዲህ የአንድ ሰው ሰንበት የፓሪስን የውድድር ካላንደር ከእሁድ ወደ ዕርገትና ወደ ጰራቅሊጦስ ማግስት ገፋው ማለት ነው። ፓሪስ ለእሱ ብላ ቀን ከቀየረች ዎርስተር መቀየር ያቅታታል?

አንድ ነገር ልጨምር። ገና 18 ዓመቱ ሳለ፣ በ1896 ዲሴምበር፣ በፕሮፌሽናልነት የጀመረው ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ በሚካሄደው የስድስት ቀን ውድድር ነው። ስምንተኛ ወጣ፤ 1,732 ማይል ነዳ። ያ ውድድር ለምን ስድስት ቀን ሆነ ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ሰባተኛው እሁድ ስለሆነ ነው። ሕጉም ልማዱም እሁድን አይፈቅድም ነበር። የዛሬው የብስክሌት ዓለም ግን እሁድ ጠዋትን የራሱ አድርጎታል።

እዚህ ላይ አንድ አዋቂ ሰው ሊያቋርጠኝ ይችላል። «ቴይለር በመጨረሻ እሁድም ተወዳድሯል እኮ» ሊለኝ። ልክ ነው። በ1904 ከአውስትራሊያ ሲመለስ አካሉም መንፈሱም ዝሎ ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ አረፈ። በ1907 ወደ አውሮፓ ከተመለሰ በኋላ ያንን የጸና አቋሙን ለቀቀ፣ እሁድም ተወዳደረ። አልደብቀውም። ግን አንድን ሰው የምናስበው በየትኛው ጊዜው ነው? ዓለምን ሁሉ ባሸነፈበትና አልችልም አልወዳደርም ማለት በቻለበት ጊዜው ነው ወይስ ኑሮ እጁን በጠመዘዘው ጊዜ? እናንተ ራሳችሁ በ1909 ስለነበረው ድካሙ አይደለም ዳገት የምትወጡት። ስለ 1899ኙ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዛሬ እንምጣ። እሁድ ጠዋት መታሰቢያው ላይ መምጣት የማይችለው ማን ነው?

መጀመሪያ የራሱ ሰዎች ናቸው። ቴይለር ዎርስተር ውስጥ ይጸልይበት የነበረው ጆን ስትሪት ባፕቲስት ቤተክርስቲያን ከዳገቷ ሩቅ አይደለም። እሁድ ጠዋት የጥቁር አሜሪካውያን ቤተክርስቲያን ሰዎች ሁሉ የት እንደሚገኙ የታወቀ ነው። እሱ ዛሬ በሕይወት ቢኖር፣ በጉብዝናው ዘመን በነበረው አቋም ከሆነ፣ የራሱን መታሰቢያ አይመጣም ነበር። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይዘምር ነበር። ይህን ሳስብ ያስቀኛል፤ ትንሽም ያሳዝነኛል።

ቀጥሎ እኛ አለን። ለማታውቁ ልንገራችሁ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቅዳሴ የአንድ ሰዓት ስብሰባ አይደለም። ኪዳኑ ማለዳ ይጀመራል፤ ቅዳሴው ወደ ቀትር ይጠጋል። የሚቆርብ ሰው ከሌሊት ጀምሮ ውኃ እንኳ አይቀምስም። ውኃ ያልቀመሰ ሰው 18 በመቶ ዳገት ውጣ አይባልም። ከዚያ ስብከት አለ፣ ጸበል ጻዲቅ አለ፣ ልጆቹ አማርኛ ይማራሉ፣ አሮጊቶቹ ቡና ያፈላሉ። በስደት አገር ሳምንቱን ሙሉ የማይተያይ ሰው የሚተያየው ያኔ ነው። ፕሮቴስታንቶቹም እንደዚሁ ናቸው፤ እንዲያውም እነሱ ሲዘምሩ ሰዓት አያዩም። ሙስሊም ወንድሞቻችንን እሁድ አይከለክላቸውም። ግን ከእኛ ጋር የሚነዱት ጓደኞቻቸው ስለማይመጡ እነሱም ይቀራሉ።

ይህን ሁሉ የምለው ብስክሌት የሚነዳ ሐበሻ ስላለ ነው። ባህር ዳር ወይም ሐዋሳ ያደገ ሰው በብስክሌት ትምህርት ቤት ሄዷል። መቀሌ ያደገው ደግሞ በፔዳል የሚሽቀዳደሙትን እያየ ነው ያደገው። አዲስ አበባ ያደግነውም ብንሆን በሰዓት ተከራይተን፣ ሦስት ሆነን በተራ፣ ፍሬን በሌላት ብስክሌት የተላጥን ነን። እዚህ መጥተን መኪና ገዛንና ረሳነው። አሁን አሁን ግን ስኳር፣ ደም ግፊት የሚሉት ነገር ሲመጣ ሐኪም እየመከረን ተመልሰን ኮርቻ ላይ የወጣን ብዙ ነን።

የእናንተን ምክንያትም አውቃለሁ። እሁድ ጠዋት መሃል ከተማ መኪና ይቀንሳል። መንገድ ለመዝጋት ይቀላል፤ ፖሊስ ማቆሙም ያንን ያህል አያስቸግርም። በጎ ፈቃደኞቻችሁ ቅዳሜ ይሠራሉ፤ ሱቅ ይሄዳሉ፤ ልጅ ኳስ ያጫውታሉ። ከእኛም ውስጥ ቅዳሜ ታክሲ የሚነዳ፣ ሆስፒታል የሚያድር፣ ፓርኪንግ የሚሠራ ሞልቷል። ቅዳሜ ለሁሉም ይመቻል አልልም። ለአይሁድና ለአድቬንቲስት ወንድሞቻችን ጭራሽ አይመችም። የእኛም አባቶች ቢሆኑ «ቀዳሚት ሰንበትም ሰንበት ናት» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ይሁንና ቅዳሜ ከሰዓት ልጁን ይዞ ብስክሌት የሚነዳን ሰው የሚገሥጽ አባት እስካሁን አላጋጠመኝም።

ወሩን አትቀይሩ። ጁላይ መጨረሻ ለእኛ የተባረከ ጊዜ ነው። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፤ ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1 ነው። በመካከል ያለው ጊዜ ሰው በልቶ ጠጥቶ ጉልበት የሚኖረው ጊዜ ነው። ቅዳሜው ሐምሌ 19 ላይ ከዋለ ብቻ አስቡን፤ የገብርኤል ንግሥ ነው። ያን ዓመት ከሰዓት ካደረጋችሁት ከታቦቱ ቀጥታ እንመጣለን።

እናንተን ይህን ያህል ካስቸገርኩ ወገኖቼንም ሳልናገር ብቀር አድልዎ ይሆናል።

እኛ የሯጭ አገር ሰዎች ነን ብለን ብስክሌትን የልጅ መጫወቻ እናደርጋለን። ልጁ ኳስ ከተጫወተ ደስ ይለናል፤ ሐኪም ይሆናል ብለን ተስፋ ካደረግን ደግሞ ከኳሱም እናስወጣዋለን። በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የኳስ ፌስቲቫል ሲመጣ ግን አገር አቋርጠን እንሄዳለን። ኳሱን ያያል የሚባለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሜዳው ውጭ ክትፎ ሲበላ ነው የሚገኘው። ያም ጥሩ ነው፤ አልነቅፍም። ከሦስት ሳምንት በኋላ እዚሁ ደጃችን ላለ የአንድ ከሰዓት ጉዳይ ግን እግራችን ይከብዳል። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ውስጥ ጥቁር ሆነው ነው የሚታዩት፤ አገራቸው የት እንደሆነ ቀድሞ የሚጠይቃቸው የለም። ይህ ሰው በዚህ ከተማ ቤት ሲገዛ ጎረቤቶቹ ተቃውመውት እንደነበረ፣ እሱም አልሸጥም ብሎ እንደኖረበት ማወቅ አለባቸው። ከአድዋ ቀጥሎ ቢማሩት ምንም አይጎዳቸውም። አድዋ በ1896 ነው፤ ቴይለር ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የገባውም በዚያው ዓመት ነው።

መጨረሻውንም ይወቁት። በ1910 ውድድር አቆመ። ያጠራቀመው ገንዘብ ባልተሳካ ንግድና በሕመም አለቀ። የሕይወት ታሪኩን በራሱ ወጪ አሳትሞ ቺካጎ ውስጥ በየሰዉ ቤት እየዞረ ሸጠ። በ1932 ጁን 21 በድሆች ሆስፒታል ሞተ። 53 ዓመቱ ነበር። ምልክት በሌለው መቃብር ተቀበረ። በ1948 የቀድሞ ብስክሌተኞች ተሰባስበው፣ የብስክሌት ፋብሪካ ባለቤቱ ፍራንክ ሽዊን ወጪውን ሸፍኖላቸው፣ አጽሙን አውጥተው በክብር ቀበሩት፤ የነሐስ ጽሑፍም አኖሩለት። ጽሑፉ የዓለም ሻምፒዮን መሆኑን ይናገራል፤ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሰው መሆኑንም ይናገራል። በ1979 ኮሎምበስ ኦሃዮ ውስጥ በስሙ ክለብ ተቋቋመ፤ በ1982 ኢንዲያናፖሊስ በስሙ ቬሎድሮም ሠራች፤ ዎርስተርም በ2008 ቤተ መጻሕፍቷ ደጃፍ ላይ ሐውልቱን አቆመች። ነገሩን ያስጀመሩት ግን እነዚያ አሮጌ ብስክሌተኞች ናቸው። ስለ እሱ ምን ተጽፎ መቅረት እንዳለበት ሲያስቡ እምነቱን አልተዉትም። እኛም ቀን ስንመርጥ አንተወው።

ይህ ሁሉ ሆኖ የሰዓት ውድድሩን ከእሁድ ማንቀሳቀስ የማይቻል ከሆነ ሁለተኛ ሐሳብ አለኝ። ዋዜማውን ስጡን። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰዓት ሳይያዝ፣ አሸናፊ ሳይኖር፣ ከጆን ስትሪት ቤተክርስቲያን ተነስተን በሐውልቱ በኩል አልፈን ጆርጅ ስትሪት ሥር እንድረስ። ሁሉም መሃል ከተማ ስለሆነ ሕፃናትም ይችሉታል። መውጣት የፈለገ ይውጣ፤ መግፋት የፈለገ ይግፋ። የቤተክርስቲያኑን ሰዎችም ቀድመን እንጋብዛቸው፤ መታሰቢያው ባለቤት ካለው ባለቤቶቹ እነሱ ናቸው። ለዚህ የሚያስፈልገው የከተማው ፈቃድና ጥቂት አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሱ አስተባባሪዎች ናቸው። አስተባባሪዎቹን ከእኛ ወገን አመጣለሁ። ውኃ፣ ዳቦና ቡናም በእኛ ነው። ቡናው ከዳገቱ በፊት ሳይሆን በኋላ ይሁን ብዬ ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ወገኖቼ፣ የምትስማሙ በየቤተክርስቲያናችሁና በየመስጊዳችሁ ስም አሰባስቡ። ብስክሌት የሌለውም ይፈርም። ጋራዥ ውስጥ አቧራ የለበሰች ብስክሌት ያላችሁ ጎማዋን ንፉ፣ ካቴናዋን ዘይት ቀቡ፣ ፍሬኗንም አሳዩ፤ ያ ዳገት ሲወርዱት ከመውጣቱ ይብሳል።

አዘጋጆች ሆይ፣ የመንገድ መዝጊያ ፈቃድ ማመልከቻ ከወራት በፊት እንደሚገባ አውቃለሁ። ስለዚህ የሚቀጥለው ዓመት ቀን ከመቆረጡ በፊት ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል። መልሱ እምቢ ከሆነም ንገሩኝ፤ የቅዳሜውን ጉዞ በራሳችን ፈቃድ አውጥተን እናደርገዋለን፣ እናንተንም እንጠራችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ሐበሻ ብስክሌተኛ፣ ከማሳቹሴትስ